ዓባይ ወረደ ወይስ ደጀን ወጣ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ መልእክቶች አራቱ ስለ ገደል ናቸው። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም። አንዷ ሜሪላንድ፣ አንዷ ሙስካት፣ አንዱ ሐዋሳ ነው፤ አራተኛው ኑሮው መሪ ላይ የሆነ ሹፌር ነው። ለእኔ ግን ሠርግና ምላሽ ሆነልኝ። ደጀን ከተማ 31 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ሌላ ነገር ስትጠይቁኝ መጽሐፍ እገልጣለሁ። ስለዚህኛው ግን ጉልበቴ ይመሰክራል፤ በየዓመቱ ተማሪ እየነዳሁ ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድና ስወጣ ያለቀ ጉልበት ነው።

«ይድረስ ለመምህር። ነዋሪነቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቼን ይዤ አሪዞና ሄደን ግራንድ ካንየንን አየን። እኔም ሳላስበው ‹የእኛ ዓባይ በረሃ ይበልጣል› አልኩ። የ12 ዓመቱ ልጄ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ፈለገና ‹እማዬ፣ ይሄ እኮ ኮረብታ ነው፤ ካንየኑ የታለ?› አለኝ። ምን ልበለው? የትኛው ነው የሚበልጠው? አፈጣጠራቸውስ አንድ ነው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ መለኪያውን እንናገርና እንገላገል፤ የገደል ፉክክር ብዙም አይጥመኝም። ግራንድ ካንየን 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሰፊው ቦታ 29 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱ ከ1,800 ሜትር ያልፋል። የዓባይ ሸለቆ ጥልቁ ቦታ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። በጥልቀት በጥቂቱ ይበልጡናል ማለት ነው። ነገር ግን ፔሩ ውስጥ ኮልካ የሚባለው ከ3,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ቲቤት ውስጥ ደግሞ ያርሉንግ ጻንግፖ የተባለው ወንዝ በሁለት ባለ በረዶ ተራሮች መካከል ከ5,000 ሜትር በላይ ጠልቆ ያልፋል። እነዚህ ባሉበት እኛና አሪዞና ብንከራከር የሁለት ድሆች የሀብት ክርክር ነው የሚሆነው።

ልጅዎ «ኮረብታ ነው» ማለቱ አልገረመኝም። አሪዞና ደረቅ አገር ነው። ዝናብ ስለሚያንሰው የካንየኑ ግድግዳ ራቁቱን ቆሟል፤ ድንጋዩ ከነቀለሙ ይታያል። የእኛን ግን ክረምት ያለብሰዋል። ሣሩ፣ ቁጥቋጦው፣ ከላይ የተንሸራተተው አፈር፣ ያገሬው ሰው ቁልቁለቱ ላይ ያረሰው ማሽላ ሳይቀር ድንጋዩን ይሸፍነዋል። ልብሱን አውልቀው ቢያዩት ግን ከሥሩ ያው ደረጃ ነው ያለው።

ደረጃውን ለማየት ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በቀን መሄድ ነው። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ በሸሚዝ ነው፤ ጆሮው ተደፍኗል፤ የፍሬን ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገብቷል። አገሬው «ዓባይ በረሃ» ያለው አሸዋ ስላለ አይደለም፤ ከደጋ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆላ ስለሚያስገባ ነው። ይህን ጊዜ በመስኮት የሚያልፈውን ድንጋይ ያስተውሉ። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድር ተሰንጥቃ የተፋችው ቅልጥ አለት። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ቀጥሎ ነጣ ያለው ወፍራሙ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ሲሚንቶ የሚሠራበት ነው፤ የባሕር ወለል ነበር። ከእሱ በታች ጀሶና የጭቃ ድንጋይ እየተፈራረቁ ተነጥፈዋል። ግርጌው ላይ ቀዩ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይቆማል። ጠንካራው ድንጋይ ቀጥ ብሎ ገደል ይሆናል፤ ልሙ ደግሞ ተዳፋት ይሆናል። ገደል፣ ተዳፋት፣ ገደል፣ ተዳፋት። ግራንድ ካንየንም በዚሁ ሥርዓት ነው የተደረደረው።

አንድ ዓመት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከኖራ ድንጋዩ ላይ ዛጎል ፈልቅቃ አመጣችልኝና «መምህር፣ ይሄን ማን ከምጽዋ አምጥቶ ጣለው?» አለችኝ። ያን ቀን ከዚያ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። ማንም አላመጣውም። ባሕሩ ራሱ እዚህ ነበር፤ ዳይኖሰሮች በነበሩበት በጁራሲክ ዘመን።

ለልጅዎ የሚነገር አንድ ነገር ልጨምር። ግራንድ ካንየን አፋፍ ላይ ቆሞ የረገጠው የኖራ ድንጋይ ዕድሜው 270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ግርጌው ያለው ደግሞ 1.7 ቢሊዮን ዓመት ያልፋል። ድልድያችን ግርጌ ያለው ቀዩ አሸዋ ድንጋይ ግን ከእነሱ አፋፍ ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው። የእነሱ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሲደርስ ነው የእኛው የሚጀምረው። ቅጽ 1 አሪዞና፣ ቅጽ 2 ደጀን ብዬ ባስተምር ኖሮ ተማሪዎቼ አይረሱትም ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ይህ የታሰበኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አፈጣጠሩ። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተሳስቼ ነበር የማስተምረው። «ዓባይ ኃይለኛ ስለሆነ እየቆፈረ ወረደ» እል ነበር። ያረመኝ ጂኦሎጂስት አይደለም፤ ጎረቤቴ አናጢ ነው። የጣውላ መሰንጠቂያ ማሽን አስገብቶ ሥራ ሲጀምር ሄጄ አየሁ። መጋዙ ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ የሚገፋው ጣውላው ነው። እዚያው ቆሜ «በቃ፣ ዓባይ መጋዙ ነው፤ ደጀን ጣውላው ነው» አልኩ። ሰውየው ያበድኩ መስሎት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዝ መቁረጥ የሚችለው መውረጃ ካለው ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ያለ ወንዝ ይጠማዘዛል እንጂ አይቆፍርም። የሰሜን ምዕራቡ አምባችን ግን ከሥሩ ከምድር ጥልቅ በሚመጣ ግለት ተነፍቶ ወደ ላይ ወጣ። ቅልጥ አለቱም ላዩ ላይ ተቆልሎ ጨመረበት። መሬቱ ሲነሣ ወንዙ አልጋውን አልለቅም ብሎ እዚያው እየቆረጠ ቆየ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ውሃው ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለመጋዙ ጉልበት የሰጠው ይህ ቁልቁለት ነው። የመሬት አጥኚዎች ሥሌት እንደሚለው ቁፋሮው 29 ሚሊዮን ዓመት ያህል ወስዷል። የዛሬ 10 ሚሊዮን፣ ከዚያም የዛሬ 6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፍጥነት ጨምሯል። ከአምባው ተጠርጎ የሄደውም 93 ሺህ ኪሎ ሜትር ኩብ የሚሆን ድንጋይ ነው። ኮሎራዶ ወንዝ ግራንድ ካንየንን የቆረጠው በአብዛኛው ባለፉት 5 እና 6 ሚሊዮን ዓመታት ነው ይባላል። አንዳንዱ ክፍሉ ከዚያ በጣም ይቀድማል የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

ውሃ ብቻውን ግን ድንጋይ አይቆርጥም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱስ ይቅር፤ ዋናው ይዞት የሚዞረው ድንጋዩና አሸዋው ነው። አሸዋው እንደ ብርጭቆ ወረቀት አልጋውን ይሞርዳል፤ ቋጥኙ ይመታል፤ የተሰነጠቀውን ውሃው ገብቶ ይነቅለዋል። ወንዙ በበጋ ሲጎድል ድንጋዩ ላይ እንደ ማድጋ የተቦረቦሩ ክብ ጉድጓዶች ይታያሉ። ውስጣቸው እጅዎን ቢያስገቡ ድብልብል ድንጋይ ያገኛሉ። ውሃው እያሽከረከረ ሲፈጭበት የከረመው ያ ነው፤ ጉድጓዱ ወፍጮ፣ ድንጋዩ መጅ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወንዙ የሚሠራው ጥልቀቱን እንጂ ስፋቱን አይደለም። ጎሐ ጽዮንና ደጀን በአየር ቢለካ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በሚሌኒየሙ ሰሞን የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ግን 303 ሜትር ብቻ ነው። ዓባይ ያን ያህል ሰፍቶ አያውቅም። ያሰፋው ዝናቡ ነው፣ ምንጩ ነው፣ ናዳው ነው፣ ገባሮቹ ናቸው። ጀማ፣ ሙገር፣ በሽሎ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ገደል ይዘው ነው የሚመጡት። በገደሎቹ መካከል ሳይቆረጥ የቀረው አምባ ይባላል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በጅዳና በበሽሎ ገደል እያስጎተቱ መቅደላ ሲያወጡ የታገሉት ከዚህ ቁፋሮ ጋር ነበር።

ካንየን ሁሉ በዚህ መንገድ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ልጆቹን ይዘው ናያግራን ቢያዩ እዚያ የሚቆርጠው ፏፏቴው ነው። የታችኛው ልም ድንጋይ ሲበላ የላይኛው ጠንካራው ይወድቃል፤ ፏፏቴው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሸሸበት ቦታ ገደል ሆኖ ይቀራል። በ12,000 ዓመት ገደማ 11 ኪሎ ሜትር ሸሽቷል። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. ከአንድ ግድብ ሞልቶ የፈሰሰ ጎርፍ በሦስት ቀን ገደማ 2 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ፣ በአማካይ 7 ሜትር የሚጠልቅ ገደል ከኖራ ድንጋይ ላይ ነቅሏል። የባሕር ውስጥ ካንየንም አለ። የኮንጎ ወንዝ አፍ ላይ የሚጀምረው ባሕር ሥር ሆኖ ወደ አትላንቲክ ጥልቅ ይወርዳል። በጃንዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. ጭቃና አሸዋ የተሸከመ ጎርፍ በዚህ ካንየን ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የኢንተርኔት ኬብሎችን በጠሰ። ባሕር ሥር፣ ማንም ሳያየው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ግብፅ ውስጥ የተቀበረው ነው። የዛሬ 6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሜዲትራኒያን ባሕር ከአትላንቲክ ተቆርጦ አብዛኛው ውሃው ተነነ። ባሕሩ ሲጎድል በጊዜው የነበረው የናይል ወንዝ መውረጃው ድንገት ገደል ሆነበትና ቁልቁል መቁረጥ ጀመረ። ካይሮ አካባቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ወረደ። በኋላ ባሕሩ ሲመለስ ሸለቆው ተሞላ፣ ደለል አለበሰው፣ ዛሬ ሕዝብ ሰፍሮበታል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአስዋን ግድብ ሲሠራ የሶቪየቱ ጂኦሎጂስት ኢቫን ቹማኮቭ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ከባሕር ጠለል በታች የባሕር ደለል አገኘ፤ ያውም ከባሕሩ ያን ያህል ርቆ። ደጀን ላይ መሬቱ ወጣ፣ እዚያ ባሕሩ ወረደ። ለመጋዙ ሁለቱም ያው ነው፤ መውረጃ ይሰጡታል።

ለልጅዎ «እኛም አለን፣ ግን ልብስ ለብሷል» ይበሉት። ሲመጣ ጥር ወይም የካቲት ላይ ይምጣ፤ ያኔ ሣሩ ደርቆ ድንጋዩ ይታያል።

«ሐዋሳ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምንኖርበት ስምጥ ሸለቆም ካንየን ነው? መምህራችን ‹አይደለም› ብሎ ምክንያቱን ሳይነግረን ደወል ተደወለ።»

አይደለም ልጄ፤ ደወሉን ልጨርስልህ። ካንየን ተቆርጦ የወጣ ነው፤ የተቆረጠው ድንጋይ ታጥቦ ሄዷል። ስምጥ ሸለቆ ግን ምድር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትሳብ መካከሉ የሰመጠበት ነው። ድንጋዩ የትም አልሄደም፤ ሐዋሳ ሐይቅ ሥር ተቀብሮ ተኝቷል። ማርስ ላይ ቫሌስ ማሪኔሪስ የሚባል 4,000 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ አንዳንድ ቦታ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠልቅ ነገር አለ። ጋዜጠኞች «የማርስ ግራንድ ካንየን» ይሉታል። በአመዛኙ ግን የተሠራው ምድሩ ተስቦ ተሰንጥቆ ነው፤ ከግራንድ ካንየን ይልቅ የአንተው ሰፈር ዘመድ ነው።

«አይሱዙ ነው የምነዳው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ። በየክረምቱ ዓባይ በረሃ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ ይሰምጣል። ሲጠገን አያለሁ፣ በዓመቱ ያው ነው። ሥራው ነው ወይስ መሬቱ?»

ወንድሜ፣ ስለ ሥራው አልፈርድም፤ መሬቱ ግን በደል አለበት። ቅድም ለእኅታችን የነገርኩትን ጀሶና የጭቃ ድንጋይ ያስታውሱ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በላይኛው ባዛልትና በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ይወርዳል። ጭቃ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ማለፍ ያቅተዋል፤ ያርሰዋል፣ ያሟልጨዋል። ከላይ ያለው አፈርና ቋጥኝ ተሰብስቦ በዚያ ሙልጭልጭ ላይ ይቀመጣል። መንገድዎ የተሠራው በዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይና የጃፓን ባለሙያዎች አብረው ቦታውን አጥንተውታል። መፍትሔውም ከአስፋልቱ ይልቅ ውሃው ላይ ነው፤ መንገዱ ሥር ሳይደርስ በቦይ ማስወጣት።

ሸለቆው እንዴት ሰፋ ብለው ቢጠይቁ ያ የሚያዩት ስንጥቅ ነው። እርስዎ መንገድ ተበላሸ ይላሉ፤ ሸለቆው ሥራ ላይ ነው። በ1970ዎቹ እኔም ከተማሪዎች ጋር ስንመለስ ናዳ መንገድ ዘግቶብን አውቶቡስ ውስጥ አድረናል። አንዱ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ሲወርድ በጆሮው እየቆጠረ ጠዋት «47» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሸርተቴ መሬት በቃል ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በክረምት የሚነዱ ከሆነ የሚታየውን ስንጥቅ ብቻ አይፍሩ። ከመንገዱ በላይ ያለ ዛፍ ወይም የስልክ ምሰሶ ተጋድሞ ካዩ መሬቱ ከተንቀሳቀሰ ቆይቷል ማለት ነውና እዚያ ሥር ቆመው ጎማ አይቀይሩ።

«ሙስካት በሰው ቤት ነው የምሠራው። ዓርብ ዓርብ ከጓደኞቼ ጋር ዋዲ እንሄዳለን። ዋዲ ሻብ የሚባለው ሁለት ግድግዳ መሐል በውሃ ውስጥ እየዋኙ የሚገቡበት ነው። እንዴት ተሠራ? ለምንስ ነው እንዲህ የጠበበው?»

እህቴ፣ ዋዲ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ዝናብ ሲጥል የሚሞላ ወንዝ ነው። ካንየን የሚሆነውም የማይሆነውም አለ። የእርስዎ ግን ነው። ከአገሩ ውጪ ካልሄዱ ደግሞ ጀበል ሻምስ ላይ ዋዲ ጉልን ይዩት፤ ኦማኖች «የዓረብ ግራንድ ካንየን» የሚሉት እሱን ነው፤ ከአፋፉ እስከ ግርጌው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያም የኖራ ድንጋይ ነው፤ እዚያም ባሕር ነበር።

የመጥበቡ ምክንያት ከደጀን የተገላቢጦሽ ነው። ዓባይን ያሰፋው ዝናብ ነው ብያለሁ። እዚያ ዝናቡ እምብዛም ነው፤ ግድግዳውን የሚንድ፣ አፈሩን የሚያርስ የለም። የሚመጣው ጎርፍ ብቻ ነው፤ ሲመጣም በአንድ ስንጥቅ ተጨናንቆ ያንኑ ስንጥቅ ቁልቁል እየሞረደ ያልፋል። ጥልቀት ያለ ስፋት ይሠራል። አሪዞና ውስጥ አንቴሎፕ ካንየን የሚባለው በዚሁ መንገድ ከአሸዋ ድንጋይ የተቆረጠ ነው። አንዳንድ ቦታ ሁለት እጅ ዘርግቶ ሁለቱንም ግድግዳ መንካት ይቻላል።

የዚህን አደጋ ልንገርዎ። በነሐሴ 1997 እ.ኤ.አ. እዚያ አንቴሎፕ ውስጥ 11 ጎብኚዎች በጎርፍ ሞተዋል። ዝናቡ የጣለው ራቅ ብሎ ነው፤ ውሃው ግን በጠባቧ ስንጥቅ መጣባቸው። ስለዚህ ዓርብ ስትሄዱ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አትዩ፤ ተራራው ላይ ምን እንዳለ ጠይቁ። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ ዕቃችሁን ትታችሁ ወደ ከፍታ ውጡ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ቀና ብለው ግድግዳውን ይመልከቱ። ከራስዎ በላይ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ቁመት ላይ፣ በሁለቱ ድንጋይ መካከል የተሰካ ግንድ ያዩ ይሆናል። ሰው አይደለም የሰካው። ውሃው ያን ያህል ሞልቶ መጥቶ ነበር፤ ግንዱን ይዞ ሲዞር ማደሪያ ያገኘለት እዚያ ነው።